ቀበሮው ጭላዳውን ለምን አይበላውም? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አምስቱን መርጫለሁ። አንዱ ከትምህርት ቤት፣ አንዱ ከማሳ፣ አንዱ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ የመጣ ነው። ሁሉም ግን ፍጡራን እርስ በርስ እንዴት እንደሚኖሩ የሚጠይቁ ስለሆኑ አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። በባዮሎጂ ትምህርት «ሀቢታት» እና «ኒሽ» የሚባሉ ነገሮች ተምረናል። ፈተና ላይ በቃሌ የያዝኩትን ጽፌ ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ልዩነቱ አልገባኝም። የምግብ ሰንሰለትም እንደዚሁ። ሣር፣ አይጥ፣ እባብ፣ ጭልፊት እያልን ቀስት እንስላለን። በእውነት በዱር ያለው ነገር እንዲህ ነው?

መልስ፦ ጎሽ የኔ ልጅ! ሙሉ ነጥብ አግኝቶ «አልገባኝም» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ሲገጥመኝ ደስ ይለኛል። መጽሐፉን ለጊዜው አስቀምጪውና መንዝ እንሂድ። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ደብረ ብርሃን ሳስተምር ተማሪዎቼን ይዤ የምሄደው እዚያ ነበር። ክፍል ውስጥ በጠመኔ ስስለው የምውለው ሁሉ እዚያ ሜዳው ላይ ይታያል።

ጠዋት ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ሲበሉ ጠጋ ብሎ ማየት ነው። ጭላዳ ቁጭ ብሎ ነው የሚበላው። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ሣሩን ይነጫል፤ እጁ ሲሞላ አፉ ውስጥ ይከታል፣ ያኝካል፣ እንደገና ይነጫል። አጠገቡ ያለው ሲያልቅ ብድግ አይልም። በመቀመጫው ተንፏቅቆ ትንሽ ፈቀቅ ይላል፣ እዚያም መንጨቱን ይቀጥላል። መንጋው ትልቅ ሲሆንና ነፋሱ ጋብ ሲል ሣሩ ሲበጠስ ድምፁ ይሰማል። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ኑሮውን ሙሉ በሙሉ ማለት በሚቻል ደረጃ በሣር ላይ የመሠረተ ጭላዳ ብቻ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የሚገኝበት አገርም የለም።

እዚያው መካከል ቀይ ቀበሮ ይገባል። መጀመሪያ ያየ ሰው «አሁን ግርግር ሊነሳ ነው» ብሎ ይጠብቃል። ልጆቻቸውን ያዘሉ እናቶች አሉ፤ ቀበሮው ደግሞ በአጠገባቸው ነው የሚያልፈው። ግን ማንም አይሸሽም። ቀበሮው ቀስ ብሎ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ይራመዳል። ዓይኑ መሬት መሬቱን ነው የሚያየው። የሚፈልገው አይጥ ነው። ውሻ ብቅ ካለ ግን ያ ሁሉ መንጋ በአንድ ጊዜ ወደ ገደሉ ይፈረጥጣል። ቀበሮው ራሱ የጭላዳ ልጅ ለመንጠቅ ከሞከረ መንጋው ተነስቶ ያባርረዋል። ስለዚህ ረጋ ብሎ መራመዱ ያዋጣዋል።

ምን ያህል ያዋጣዋል? ቪቬክ ቬንካታራማን እና ባልደረቦቹ ጓሳ ላይ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ቀበሮው ብቻውን ሆኖ አይጥ ለመያዝ ሲሞክር ከመቶ 25 ያህሉ ይሳካለታል። ጭላዳዎቹ መካከል ሆኖ ሲሞክር ግን 67 ያህሉ ይሳካለታል። ምናልባት ጭላዳዎቹ ሣሩን ሲነቅሉ አይጦቹን ይረብሿቸው ይሆናል። ምናልባትም አይጦቹ በመንጋው መካከል የሚመጣውን ቀበሮ ለይተው አያዩት ይሆናል። ያም ሆነ ይህ፣ አንዲት የጭላዳ ልጅ በልቶ ከሚባረር ይልቅ ሳይነካቸው አብሯቸው መዋሉ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ እንመለስ። ሀቢታት ማለት ፍጡሩ የሚኖርበት ቦታ ነው። የጭላዳው፣ የአይጡና የቀበሮው ሀቢታት አንድ ነው፤ ጓሳ። ያው ሜዳ፣ ያው ብርድ፣ ያው ዝናብ። ኒሻቸው ግን የየራሳቸው ነው። ኒሽ ማለት ፍጡሩ በዚያ ቦታ ላይ የሚኖረው ኑሮ በሙሉ ነው። ምን ይበላል? መቼ ይበላል? የት ያድራል? ማን ይበላዋል? እሱ በመኖሩ ማን ይጠቀማል፣ ማንስ ይጎዳል? ቀበሮው ቀን ቀን የሚያድነው አይጦቹ ቀን ቀን ስለሚወጡ ነው። ቤተሰቡ አንድ ላይ ይኖራል፣ ድንበሩንም አንድ ላይ ሆኖ ያስከብራል። ለአደን ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይወጣል፤ አይጥ ለመያዝ ረዳት አያስፈልግማ። ባሌ ስትሄጂ ደግሞ የቀበሮው ኑሮ ትንሽ ይለያል። እዚያ ከባሌ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝ፣ ክብደቱ ኪሎ የሚጠጋ ትልቅ ፍልፈል አለ። የባሌ ቀበሮ በብዛት የሚኖረው በእሱ ነው። ጓሳ ላይ ያ ፍልፈል የለም።

የምትስዪው ሰንሰለት ውሸት አይደለም። ግን ከብዙ ክሮች አንዱን ብቻ ነው የሳልሽው። አይጡ የሚበላውን ሣር ጭላዳውም በጉም ይበሉታል። ቀበሮው የሚፈልገውን አይጥ ንስርም ይፈልገዋል። ቀስቶቹን ሁሉ ስትጨምሪ ድር ይሆንብሻል፤ «የምግብ ድር» የሚባለውም እሱ ነው። ያም ሆኖ ቀላሉ ሰንሰለት አንድ ትልቅ ነገር ያሳያል። አይጡ ከሣሩ ያገኘውን ጉልበት አብዛኛውን ገላውን ለማሞቅና ለመሯሯጥ ይጨርሰዋል። ወደ ቀበሮው የሚያልፈው በግምት አንድ አሥረኛው ያህል ነው። ስለዚህ በጣም ብዙ ሣር ጥቂት አይጥ፣ ብዙ አይጥ ደግሞ በጣም ጥቂት ቀበሮ ብቻ ነው የሚያኖረው። በመላው ኢትዮጵያ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። ከላይ ያለ እንስሳ ቁጥሩ ሁልጊዜም ትንሽ ነው። በቀላሉ የሚጠፋውም ለዚህ ነው።

«ሥጋ በል» እና «ሣር በል» ብለሽ በሁለት ሳጥን ከፍለሽ ከሆነ ደግሞ ይህን ስሚ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት የባሌ ቀይ ቀበሮዎች የአበባ ማር እንደሚልሱ አሳይቷል። አበባው ረጅም ዘንግ ላይ የሚያብብ ቀይና ቢጫ የደጋ አበባ ነው። አንዳንዱ ቀበሮ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ድረስ ይጎበኛል፤ አፍንጫው በአበባ ዱቄት ይሸፈናል። ስለዚህ እንደ ንብ ዱቄቱን ከአበባ ወደ አበባ ሊያደርስ ይችላል። የባሌ እረኞች ልጆች ያንኑ አበባ ሲልሱ ኖረዋል።

በሥዕልሽ ላይ ውሻንም ጨምሪ። ባሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 በተነሳ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀበሮ አልቋል። በሽታውን ያመጣው የቤት ውሻ ነው። ገበሬው ውሻውን ሲያስከትብ ቀበሮውንም እያዳነ ነው ማለት ነው።

ሰውንም ጨምሪ። የመንዝ ሰዎች የጓሳን ሣር 400 ዓመት ገደማ በራሳቸው ደንብ ሲጠብቁ ኖረዋል። ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል። እ.ኤ.አ. ከ1975ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ደንብ ፈረሰ፤ ኋላ ላይ ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ ጥበቃውን መልሶ ያዘው። ሰዎቹ የሚጠብቁት ለክዳን የሚሆነውን ሣር ነበር። ሣሩ ሲተርፍ አይጡ ተረፈ፤ አይጡ ሲተርፍ ቀበሮው ተረፈ። እኔ በዚህ እኮራለሁ፤ አንቺም ብትኮሪ ደስ ይለኛል።

ፈተና ላይ በቃልሽ የያዝሽውን ጻፊ፤ ነጥቡ ያስፈልግሻል። ቅዳሜ ግን ጦሳ ተራራ ውጪና የፈለግሽውን አንድ ፍጡር ምረጪ፤ ጉንዳንም ይሁን። ከላይ የዘረዘርኳቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ መልሺለት።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ። ቆቦ አካባቢ ማሽላ የማመርት ገበሬ ነኝ፤ የምናገረውን የሚጽፍልኝ ልጄ ነው። ማሳችን ላይ አቀንጭራ አለ፤ ሐምራዊ አበባ ያለው። በየዓመቱ እንነቅለዋለን፣ በየዓመቱ ይመጣል። ማሽላው መሬቱ ርጥብ ሆኖ እያለ ይጠወልጋል። አፈሩ የደከመበት ቦታ ላይ ደግሞ ይብሳል። ይህ ነገር ከምን ይመጣል? ምንስ ይሻላል?

መልስ፦ እንደምን ሰነበቱ፣ ልጅዎንም እግዜር ይባርክልዎ። የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው። «የደከመ አፈር ላይ ይብሳል» ያሉትማ የነገሩ ቁልፍ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ሌላው አረም ከማሽላው ጋር በብርሃን፣ በውሃና በአፈር ይሻማል። አቀንጭራ ግን ጥገኛ ነው፤ ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር ገጥሞ ውሃውንና ምግቡን ከውስጥ ይስባል። ልጅዎ በዓይኑ ቢያየው ጥሩ ነው። አንዱን አቀንጭራ ከማሽላው ጋር አፈሩን እንደያዘ ቆፍራችሁ አውጡት። ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አፈሩ በራሱ እስኪለቅ ጠብቁ፤ አትጎትቱት፣ ይበጠሳል። አፈሩ ሲለቅ የአቀንጭራው ቀጭን ነጭ ሥር ከማሽላው ሥር ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ትንሽ እብጠት ታያላችሁ። የሚመጠምጠው በዚያ ነው። መሬቱ ርጥብ ሆኖ ማሽላው የሚጠወልገውም ለዚህ ነው፤ ውሃው ወደ ቅጠሉ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይወሰዳል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው አቀንጭራው ገና ከመሬት ሳይወጣ ነው። አበባውን ባዩበት ቀን ማሽላዎ ከተጎዳ ሰንብቷል።

በየዓመቱ የሚመጣው ስለ ዘሩ ነው። አንድ አቀንጭራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይጥላል። ዘሩ ከትቢያ አይለይም፤ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ዝናብ ስለዘነበ ብቻ አይበቅልም። በቅሎ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥር ካላገኘ ይሞታልና አጠገቡ ሥር መኖሩን ማወቅ አለበት። እንዴት ያውቃል?

እኔን ለብዙ ዓመት ሲያስደንቀኝ የኖረው እዚህ ላይ ነው። አፈር ውስጥ ከማሽላ ሥር ጋር ተባብረው የሚኖሩ ፈንገሶች አሉ። ከፀጉር የቀጠነ ክራቸው ሥሩ ወደማይደርስበት ቦታ ይዘረጋል፤ ፎስፎረስ ለቅሞ ለማሽላው ያመጣል። ማሽላው ደግሞ ቅጠሉ የሠራውን ስኳር ይሰጣቸዋል። ሁለቱም ይጠቀማሉ። ማሽላው ፎስፎረስ ሲያጥረው እነዚህን ፈንገሶች ለመጥራት ስትሪጎላክቶን የሚባል ንጥረ ነገር ከሥሩ ወደ አፈሩ ይለቃል። አቀንጭራው ያንኑ ጥሪ ነው የሚሰማው። ወዳጁን ሲጠራ ጠላቱ ይነቃበታል። አፈሩ በደከመ ቁጥር ማሽላው አብዝቶ ይጣራል፤ ብዙ በተጣራ ቁጥር ብዙ አቀንጭራ ይበቅላል። እርስዎ ማሳዎ ላይ ያስተዋሉት ይኸው ነው። ሳይንቲስቶች ንጥረ ነገሩ አቀንጭራን እንደሚቀሰቅስ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያውቁ ነበር። ተክሉ ለምን እንደሚለቀው፣ ማለትም ለፈንገሱ መሆኑን ያወቁት ግን እ.ኤ.አ. በ2005 ነው።

ምን ይሻላል ላሉት፣ አንድ መድኃኒት የለውም፤ ብዙ ነገር አንድ ላይ ማድረግ ነው። መንቀሉን አያቁሙ። ዘንድሮን ባያድንም የሚቀጥሉትን ዓመታት ያድናል። ግን አበባ ሳያወጣ ይንቀሉት፤ አብቦ ዘር ከያዘ በኋላ የተነቀለውን ማሳ ላይ አይተዉት፣ ያቃጥሉት። ፍግና ኮምፖስት ይጨምሩ፤ አፈሩ ሲጠግብ ማሽላው ጥሪውን ይቀንሳል። ማሽላን በማሽላ ላይ፣ ወይም በማሽላ ፋንታ በቆሎ ወይም ዳጉሳ አይዝሩ፤ እነሱንም ይይዛቸዋል። በመካከሉ ሰሊጥ፣ ጥጥ፣ ለውዝ ወይም አኩሪ አተር ይዝሩ። የእነዚህ ሥር የአቀንጭራውን ዘር ይቀሰቅሰዋል፤ ግን ሊጣበቅባቸው አይችልም። ዘሩ ይነቃል፣ የሚጠባው ያጣል፣ ይሞታል። ኬንያ ያለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔም በእህሉ መካከል ዴስሞዲየም የሚባል መኖ በመዝራት አቀንጭራን ማዳከም እንደሚቻል አሳይቷል፤ መኖው ናይትሮጅን ወደ አፈሩ ይጨምራል፣ ለከብትም ይሆናል።

ዘሩንም ይጠይቁ። የወልንኮሚው ተወላጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት የተሸለሙት ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች በማውጣታቸው ነው። ከእነዚህ ዝርያዎች የአንዳንዶቹ ሥር ጥሪውን የሚያሰማው በጣም ዝቅ አድርጎ ነው፤ አቀንጭራው አጠገቡ ተኝቶ ይቀራል። እኛ አገር የተለቀቁ «ጎብዬ» እና «አብሽር» የሚባሉ አሉ። የግብርና ባለሙያዎን ስማቸውን ጠርተው ይጠይቁት። ደግሞም የአቀንጭራ ዘር በጎርፍ፣ በከብት እበትና ከገበያ በተገዛ ዘር ይዛመታል። ጎረቤትዎ ማሳ ላይ እያበበ እርስዎ ብቻዎን ቢደክሙ አይሆንም፤ በዕድርም በደቦም ብላችሁ በአንድነት ያዙት።

ጥያቄ፦ ፍቼ አካባቢ ነው ያደግሁት። ከብት ስንጠብቅ ነጫጭ ሳቢሳዎች ሁልጊዜ ከላሞቹ እግር ሥር አይጠፉም ነበር። መዥገር እየለቀሙላቸው ነው ይሉናል። እውነት ነው?

መልስ፦ ዋናው ሥራቸው እሱ አይደለም። ላሟ ስትራመድ ከሣሩ ውስጥ ፌንጣና ሌላ ነፍሳት ይበራሉ፤ ሳቢሳዋ እነሱን ነው የምትለቅመው። ላሟ ብዙም አትጠቀም፣ ብዙም አትጎዳ። ከላይ ስለ ጭላዳና ቀበሮ የጻፍኩትን ካነበቡ ዘዴው ያው ነው፤ ትልቁ ይረብሻል፣ ትንሹ ይለቅማል። ይህ ዘዴ ሳቢሳን ሩቅ አድርሷታል። ከአፍሪካ ተነስታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደቡብ አሜሪካ ገባች፤ የከብት እርባታውን እየተከተለች ሰሜን አሜሪካም ደረሰች። ከብት ጀርባ ላይ ወጥተው መዥገር የሚለቅሙ ሌሎች ወፎች አሉ። እነሱም ቢሆኑ ቁስል ሲያገኙ ደሙን ይጠጣሉ፤ ስለዚህ የእነሱ ጥቅም ጉዳትም አለበት።

ጥያቄ፦ የምኖረው መቀሌ ዳር ነው። ቤተሰቤን የማስተዳድረው በአህያ ጋሪ ነው። በዐቢይ ጾም ሁልጊዜ የሰፈራችን አህያ በጅብ ይበላል። ጅብ ምን ይጠቅማል? ለምን አይጠፋም?

መልስ፦ አህያ መተዳደሪያ ነው፤ አንዱ ሲበላ ቤት እንደሚናጋ አውቃለሁ። ስለዚህ ጥያቄዎን አቅልዬ አላየውም።

«በዐቢይ ጾም» ያሉት ግን ትክክል ነው፤ ተጠንቷልም። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ግደይ ይርጋ እና ባልደረቦቹ ትግራይ ውስጥ የጅብ ኩስ ሰብስበው ውስጡ ያለውን ፀጉር መርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት መሠረት፣ ከጾሙ በፊት የአህያ ፀጉር የተገኘው ከመቶ 15 ገደማ በሚሆነው ኩስ ውስጥ ነበር። በጾሙ ወቅት 33 ገደማ ደረሰ። ከፋሲካ በኋላ ወደ 22 ወረደ። ሉካንዳው ለ55 ቀን ሲዘጋ፣ ከየቤቱ አጥንትና ቆዳ መጣሉ ሲቆም፣ ጅቡም የለመደው ምግብ ይቋረጥበታል፤ ያኔ ወደ አህያው ይዞራል። እኛ ስንጾም የጅቡ ምግብም ይለወጣል። ከተማው የጅቡ ኑሮ አካል ሆኗል ማለት ነው።

ምን ይጠቅማል? እዚያው መቀሌ ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት የከተማው ዳር ጅቦች በዓመት 207 ቶን የሚሆን የእንስሳ ጥንብና ትርፍራፊ እንደሚበሉ ገምቷል። ያ ሁሉ ሜዳ ላይ ቢበሰብስ አባ ሰንጋውና የከብት ሳንባ ነቀርሳው (ቲቢው) ለከብትዎም ለልጆችዎም ይተርፋል። ጥንብ አንሺ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ ሕንድ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለከብት የሚሰጥ ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ አሞራዎቹን መረዛቸው፤ ከአንዳንዱ ዝርያ ከመቶ 95 በላይ አለቀ። ምክንያቱ የታወቀው በ2004 ነው፤ በ2006 መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ ተከለከለ። እስከዚያ ድረስ የከብቱን ሬሳ የበሉት ውሾች ናቸው። ውሻ በዛ፤ ከውሻ ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት በዛ።

ደግሞ ጅብ ቢገደል ምግቡ እስካለ ድረስ ቦታው ባዶ አይቀርም፤ ሌላ ይመጣል። ለእርስዎ የሚያዋጣው አህያውን መከላከል ነው። በተለይ ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ አህያ ደጅ ታስሮ አይደር። ጣሪያ ያለው በረት ጥሩ ነው። ካልሆነ ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር፣ በላዩ እሾህ። ለአንድ ሰው ከከበደ ጎረቤት ተሰብስቦ አንድ በረት ይሥራ። ልጆችም በጨለማ ብቻቸውን አይላኩ።

ጥያቄ፦ ደብረ ታቦር አካባቢ ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን አገለግላለሁ፤ ዲያቆን ነኝ። ግቢያችን ውስጥ ዝግባ፣ ጽድና ወይራ አለ፤ ሁሉም ትልልቅ ናቸው። አባቶች «እኛም ልጅ ሳለን እንዲህ ነበሩ» ይላሉ። ችግኝ ግን አላይም። ዛፎቹ ዘር ይጥላሉ፤ ለምን አይበቅልም?

መልስ፦ ዲያቆን፣ ብዙ ሰው ትልልቁን ዛፍ አይቶ «ደኑ ደህና ነው» ብሎ ያልፋል። እርስዎ ወደ መሬት አይተዋል። ሽማግሌ ብቻ የቀረበት ደን ዛሬ ቢያምርም እየሞተ ነው፤ አንድ ትልቅ ዛፍ ሲወድቅ ቦታውን የሚወስድ የለም።

የመጀመሪያው ምክንያት ከብት ነው። ችግኙ ይበቅላል፤ ቅጠል ሲያወጣ ይጋጣል፣ ካልተጋጠም ይረገጣል። የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ለዓመታት ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱና ከምዕመናኑ ጋር ሆነው በብዙ ቦታ የድንጋይ ቅጥር እንዲሠራ አድርገዋል። ድንጋዩ በአቅራቢያው ካለ ማሳ ይለቀማል፤ ለገበሬውም እፎይታ ነው፣ ማረሻው አይመታበትም። ቅጥሩን አሁን ካለው ዛፍ ጥግ ላይ አያስጠጉት፤ ትንሽ ባዶ መሬት ወደ ውስጥ ያስገቡ። የደኑ ዳር ነፋስና ፀሐይ ስለሚበዛበት ይደርቃል፤ ደኑ ትንሽ ሲሆን ደግሞ አብዛኛው ክፍሉ ዳር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጽዳት ነው፤ ይህን ስናገር አባቶች እንዳይቀየሙኝ። ለበዓል ግቢው ሲጸዳ ቁጥቋጦው ሁሉ ይመነጠራል። የወይራ ፍሬ የሚበሉ ወፎች ግን ቁጥቋጦ ላይ ያርፋሉ፤ ዘሩን የሚጥሉት እዚያው ሥር ነው። ትግራይ ውስጥ በተደረገ ጥናት የወይራ ችግኝ ደደሆን ከመሰለ ቁጥቋጦ ሥር ሲሆን ከተራቆተው መሬት ይልቅ ይድናል፤ ጥላ ያገኛል፣ ከፍየልም ይሸሸጋል። ስለዚህ ወደ ቤተ መቅደሱ የሚወስደው መንገድና ምዕመናን የሚቆሙበት ይጸዳ። ከዚያ ውጭ ያለውን ደደሆ አትንኩት።

ዝግባና ጽድ ደግሞ አንድ ዓይነት ነገር አይፈልጉም። የዝግባ ችግኝ ጥላውን ይወዳል፤ ጽድ ብርሃን ይፈልጋል። ስለዚህ የዝግባ ችግኝ ሲተክሉ ከትልልቁ ዛፍ ሥር፣ ጽድ ሲተክሉ ከቅጥሩ ጥግ ባዶው መሬት ላይ ያድርጉት። ባሕር ዛፍ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ እንዳይገባ አደራ።

ቅጥሩ ካለቀ በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ይዘው ግቢውን ይዙሩ። የትኛው ችግኝ፣ ከየትኛው ቁጥቋጦ ሥር፣ በምን ያህል ቁመት እንዳለ በደብተር ይጻፉ። ቢልኩልኝ እዚሁ ዓምድ ላይ አወጣዋለሁ፤ ሌሎች አጥቢያዎችም እየጠየቁኝ ነው።